አዩርቬዳ ለእርጅና፦ ከብልቃጡ ይልቅ የቀኑ ሥርዓት

ለጡረተኞች ስብሰባ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ አዩርቬዳ፣ ስለ ህንዶች የቆየ የሕክምና ጥበብ ነው። ርዕሱን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ለሕክምና ዴልሂ ወይም ቼናይ ደርሶ የተመለሰ ሰው፣ ሐኪሙ ካዘዘለት ሌላ አንድ ሁለት ብልቃጥ በሻንጣው ሳይዝ አይመጣም። ለጉልበት፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለመርሳት የተባለ ዱቄት፣ እንክብል፣ በማንኪያ የሚላስ ጥቁር ማር መሰል ነገር። እኔም በመድኃኒት ሙያ ስለኖርሁ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ "ይሄን ልዋጠው ወይስ ልጣለው?" ወደ ብልቃጡ እመጣለሁ። ግን ከእሱ ብጀምር አዩርቬዳን በጅራቱ መያዝ ይሆንብኛል። ጥንታውያኑ መጻሕፍት ስለ እርጅና ከሚሉት ውስጥ የሚበልጠው ክፍል በሱቅ የማይሸጥ ነው። ሰው የሚጎዳው ደግሞ በአብዛኛው በሚሸጠው ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህን ለማስረዳት ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

እዚህ ካላችሁት በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ፣ የህንድ አስተማሪዎቻችሁን ታስታውሳላችሁ። ከእነዚያ አስተማሪዎች ብዙዎቹ የመጡት ከህንድ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከኬረላ ነበር። አዩርቬዳ ዛሬም እንደ ዕለት ኑሮ ሆኖ የሚታየው በዚያ ነው። ኮታካል በምትባል ከተማ ፒ.ኤስ. ቫሪየር የተባሉ ሐኪም በ1902 አርያ ቫይድያ ሳላ የሚባለውን የመድኃኒትና የሕክምና ተቋም መሠረቱ። የእኅታቸው ልጅ ፒ.ኬ. ዋሪየር ይህንኑ ተቋም ከ60 ዓመት በላይ መርተው፣ በሰኔ 2021 መቶኛ ልደታቸውን አክብረው፣ በተከታዩ ወር አረፉ። ዜናውን የሰማ ሁሉ "ያው በአዩርቬዳው ነው" ማለቱ አልቀረም። የአንድ ሰው ዕድሜ ግን ለምንም ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ በየሰፈራችን ትንባሆ እያጨሱ ዘጠና የደረሱ ሽማግሌ አይጠፉም።

ስለ ኬረላ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ሕዝቧ በዕድሜ ርዝማኔ ከህንድ ክፍላተ ሀገር ግንባር ቀደሞቹ ውስጥ ነው። ያንን ያመጣው ግን በዋናነት የሴቶች ልጆች ትምህርት፣ የመንደር ጤና ጣቢያና ክትባት ነው። በሌላ በኩል ያቺው ኬረላ በስኳር በሽታ ከህንድ በጣም ከተጎዱት መካከል ናት። አዩርቬዳ በየመንደሩ ያለበት አገር ከስኳር አላመለጠም ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩን ሳናመልከውም ሳናናንቀውም እንየው።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ። በዋናነት የሚጠቀሱት ሦስት ናቸው፤ በቻራካ፣ በሱሽሩታና በቫግባታ ስም የሚጠሩት። ሕክምናን በስምንት ቅርንጫፍ ይከፍላሉ፤ የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናት፣ የቀዶ ጥገና፣ የመርዝ እያሉ ይቀጥላሉ። ከስምንቱ አንዱ ራሳያና ይባላል፤ ሥራው እርጅናን ማዘግየትና ሽማግሌን በጉልበቱ ማቆየት ነው። የዘመናዊው ሕክምና ለአረጋውያን ሕክምና የተለየ ስም ያወጣለት በ1909 መሆኑን ስታስቡ፣ ህንዶቹ እርጅናን ራሱን የቻለ የሕክምና ጉዳይ አድርገው ማስቀመጣቸው ሊመሰገን ይገባዋል።

አስተሳሰባቸው ይህን ይመስላል። በሰውነት ውስጥ ሦስት ኃይሎች አሉ፤ ቫታ፣ ፒታ፣ ካፋ። ልጅነት የካፋ፣ ጉልምስና የፒታ፣ እርጅና የቫታ ዘመን ነው። የቫታ ጠባዩ ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ቀላልና የማይረጋ ነው። እስቲ ራሳችሁን አስቡ። ቆዳ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ እግር ይቀዘቅዛል፣ እንቅልፍ ይሳሳል፣ ሐሳብ አንድ ቦታ አልቀመጥ ይላል። ቫታ የሚባል ነገር በደም ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም፤ እኔም እንደ ሰውነት ሳይንስ አልቀበለውም። እንደ ትዝብት ግን ትክክል ነው። ትዝብቱ የሚያስከትለው ምክርም ግልጽ ነው፦ ለደረቀው ቅባት፣ ለቀዘቀዘው ሙቀት፣ ለማይረጋው ሥርዓት።

ከቅባቱ ልጀምር፤ በጣም የምወደው ክፍል ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ቫግባታ "በየቀኑ ዘይት ተቀባ" ይላል፤ እርጅናን፣ ድካምንና ቫታን ይመልሳልና። ይልቁንም ራስ፣ ጆሮና እግር አይቅሩ ይላል። ዋናው ዘይታቸው የሰሊጥ ነው። የእኛ የሁመራ ሰሊጥ ለዓለም ገበያ የሚቀርብ ሆኖ ሳለ፣ ከህንድ በሻንጣ ዘይት መሸከም ምን ይሉታል? እናቶቻችን አናታቸው ላይ ቅቤ አድርገው ፀሐይ ሲሞቁ ያደግን ሰዎች ነን፤ ነገሩ አይገርመንም። እርጅናን ይመልሳል የሚለውን አልፈርምበትም። ደረቅ ቆዳን ማለስለሱን፣ የሚያሳክክ ገላን ማስታገሱን፣ ማታ እግር መታሸት ለብዙ ሰው እንቅልፍ ማምጣቱን ግን ሞክራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሌላም ጥቅም አለው። በየማታው እግሩን የሚያሽ ሰው እግሩን ያያል። ስኳር ያለበት ሰው በጣቶቹ መካከል የተከፈተች ቁስል ሳትሰማው ትቆያለች፤ የሚያሽ እጅ ቀድሞ ያገኛታል።

እንዲህ አድርጉት። ዘይቱን በሙቅ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ለብ አድርጉት፤ እሳት ላይ አታንጫጩት። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ በቀስታ እሹት። ከዚያ፣ ይህችን አደራ፣ ከወንበሩ ሳትነሱ የውስጥ እግራችሁን በደረቅ ፎጣ ጥረጉና ካልሲ አድርጉ። በዘይት እግር ሴራሚክ ላይ ተራምዶ ዳሌ መስበር ቀላል ነው። የሽማግሌ ዳሌ ስብራት ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም በየቤታችን አይተናል። ቁስል፣ እብጠት ወይም አዲስ ሕመም ያለበትን ባት አትሹ፤ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ጆሮ ውስጥ ዘይት ማንጠባጠቡ ይቅር፤ ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ ያመረቅዛል። በአፍንጫ ዘይት መጨመርም በአዩርቬዳ የታወቀ ነው፤ ለአረጋውያን ግን አልመክረውም። ትንታው ደከም ባለ ሰው ዘይቱ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል።

ስለ ምግብ ብዙ አልቆይም፤ ቅመሙን ከእነሱ ባልተናነሰ እናውቀዋለን። ዝንጅብሉ፣ እርዱ፣ አብሹ፣ ጥቁር አዝሙዱ ከጓዳችን አልጠፋም። ከመጻሕፍቱ የሚጠቅመን ልኩ ነው። ቫግባታ ሆድን በአራት ይከፍለዋል፤ ሁለቱ እጅ ለምግብ፣ አንዱ ለሚጠጣ፣ አንዱ ባዶ ይተው። የበፊቱ ሳይፈጭ ሌላ አትጨምር ይላሉ። "በሞቴ! አፈር ስሆን!" እየተባለ በሚጎረስበት ቤት ይህን ሥርዓት መጠበቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እንግድነት ስትሄዱ ልጆቻችሁ ይከላከሉላችሁ።

በኬረላ አንድ ደስ የሚል ልማድ አለ። ካርኪዳካም የሚባለው ወራቸው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ነው፤ ዝናቡ የሚወርድበት፣ እንደኛው ክረምት ማለት ነው። በዚያ ወር ሽማግሌው ከሥራ ያርፋል፣ በዘይት ይታሻል፣ ከሩዝና ከቅመማ ቅመም የተሠራ ለስላሳ ገንፎ ይበላል። የገንፎው መድኃኒትነት ቀርቶ፣ አንድ ኅብረተሰብ በዓመት አንዱን ወር ለሽማግሌ ገላ መመደቡ እኔን ያስቀናኛል።

መጻሕፍቱ የተሳሳቱበትም አለ፤ ለምሳሌ በእንቅስቃሴ። ቫግባታ ሰው በግማሽ አቅሙ ብቻ ይሥራ ይላል፤ ግንባርና ብብት ላብ ሲያቸፈችፉ አቁም። ጥሩ ምክር ነው። ግን ሕፃናትና ሽማግሌዎች ጨርሶ ይተዉት ብሎ ይጨምራል። ይህን አትስሙት። ጡንቻ በእርጅና የሚከሳው እየተቀመጡ ሲሄድ ይብሳል። ጡንቻ የከሳ ሰው ይወድቃል። ከወንበር እጅ ሳይደግፉ ዐሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ በአንድ እግር መቆም፣ ከባድ ያልሆነ ዕቃ ማንሣት፣ እነዚህ ለሰማንያ ዓመት ሰውም ይሠራሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰው አጠገባችሁ ይቁም።

ሱሽሩታ በዚህ ረገድ ይሻላል። ሽንት እየጣፈጠ ጉንዳን የሚሰበስብበትን በሽታ፣ ዛሬ ስኳር የምንለውን፣ እነዚያ መጻሕፍት ያውቁታል። ሱሽሩታ ለታማሚው ያዘዘለት እንዲህ የሚል ነው፦ ጫማና ጃንጥላ ሳትይዝ፣ እየለመንህ እየበላህ፣ መቶ ዮጃና ያህል መንገድ በእግርህ ሂድ፤ ወይም ከብት ተከተል። መቶ ዮጃና በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነው። ጫማውን እንኳ አድርጉ፤ ለስኳር ሕመምተኛ ባዶ እግር ክልክል ነው። መንገዱንም ቀንሱት። የትእዛዙ መንፈስ ግን ዛሬ ሐኪም ቤት ከሚነገራችሁ አይርቅም።

ቻራካ ደግሞ አንድ ምዕራፍ ላይ ያስቀኛል። ሰው ሊገታቸው የማይገባ 13 የተፈጥሮ ግፊቶችን ይዘረዝራል፤ ሽንት፣ ዓይነ ምድር፣ የሆድ ንፋስ፣ ማስነጠስ፣ ግሳት፣ ማዛጋት፣ ረኀብ፣ ጥም፣ እንባ፣ እንቅልፍ እያለ። እኛ ጨዋነት ብለን ያደግንበት ግማሹ እዚህ ዝርዝር ላይ አለ። ለቅሶ ቤት ወይም ቅዳሴ ላይ ሽንቱን ሦስት ሰዓት ይዞ የሚቆም አባት፣ መውጣት ስለሚያፍር ከጠዋት ጀምሮ ውኃ የማይጠጣ አባት፣ ኩላሊቱንም ፊኛውንም ያስቀይማል። የፕሮስቴት እብጠት ካለማ ሽንት ጨርሶ ሊቆም ይችላል። እንባንም ከማይገቱት ጋር መቁጠሩን ልብ በሉልኝ፤ ለወንዶቹ ነው የምናገረው።

ወዲያው ቀጥሎ ደግሞ ሊገቱ የሚገባቸውን ይጠራል፦ ስስትን፣ ሐዘንን፣ ፍርሃትን፣ ቁጣን፣ ትዕቢትን፣ እፍረተ ቢስነትን፣ ቅናትን። ለገላ የሆነውን ልቀቅ፣ ለነፍስ የሆነውን ያዝ ነው ነገሩ።

ይህ የስብከት ጭማሪ እንዳይመስላችሁ። ቻራካ ስለ ራሳያና፣ ማለትም ስለ ማደሻ መድኃኒቶች፣ ረጅም ምዕራፍ ይጽፍና መጨረሻው ላይ የጠባይ ራሳያና የሚለውን ያመጣል። እውነት የሚናገር፣ ከቁጣና ከስካር የራቀ፣ ራሱን ከአቅሙ በላይ የማያደክም፣ የሚመጸውት፣ ሽማግሌንና አስተማሪን የሚያከብር፣ መኝታውና መነሻው የተመጠነ፣ ወተትና ንጥር ቅቤ የሚመገብ ሰው፣ ሁልጊዜ ራሳያና እንደሚወስድ ሰው ይቆጠራል ይላል። የመድኃኒት መጽሐፍ ራሱ መድኃኒቱን ከጠባይና ከቀኑ ሥርዓት እኩል ሲያስቀምጥ ማለት ነው። ነጋዴው ይህን ገጽ በብልቃጡ ላይ አያትመውም።

ሌላም የማይታተም ገጽ አለ። ሱሽሩታ ራሳያና የሚጀመረው በወጣትነት ወይም በጉልምስና ነው ይላል። ሰባ ከሞላ በኋላ በማንኪያ እየላሱ ወደ ሠላሳ መመለስ መጽሐፉም የለበት። የሞከሩ አልጠፉም። የባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲን የመሠረቱት ታላቁ ፖለቲከኛ ማዳን ሞሃን ማላቪያ በ1938፣ በ76 ዓመታቸው፣ ታፓሲ ባባ በሚባል መናኝ እጅ ካያካልፓ የተባለውን ገላ የማደስ ሕክምና ገቡ። ሰው በጨለማ ጎጆ ተዘግቶ የታዘዘለትን ብቻ የሚወስድበት ነው። ህንድ በሙሉ በጋዜጣ ተከታተላቸው። ወጣት ሆነው አልወጡም፤ በ1946 አረፉ።

እንግዲህ ብልቃጡ።

በሽያጭ የታወቀው ቺያዋንፕራሽ ነው፤ አምላ ከሚባል ኮምጣጣ ፍሬና ከብዙ ቅጠላ ቅጠል የሚሠራ ማር መሰል ነገር። በተረቱ ቺያቫና የተባለ ሽማግሌ ባሕታዊ በእሱ ወጣት ሆኗል። ፍሬው መልካም ነው። በማሸጊያው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ግን ስኳር ነው። የስኳር ሕመምተኛ ጠዋትና ማታ እየላሰ "ስኳሬ ለምን ወጣ?" ይለኛል።

ከዚህ የሚብሰው የብረት ነገር ነው። በአዩርቬዳ ውስጥ ማዕድንን በመድኃኒትነት የሚጠቀም ቅርንጫፍ አለ፤ ሜርኩሪ፣ እርሳስና አርሰኒክ ሳይቀር ደጋግመው አቃጥለው አመድ ያደርጉታል፣ "ነጽቷል" ይላሉ። እርሳስ ቢቃጠል እርሳስ ነው። በ2004 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በቦስተን አካባቢ ሱቆች የተገዙ 70 ምርቶችን መርምሮ በ14ቱ ውስጥ እነዚህን ብረቶች አገኘ። በ2008 ያው ተመራማሪ ቡድን በኢንተርኔት የሚሸጡ 193 ምርቶችን ፈተሸ፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ተመሳሳይ ሆነ። እርሳስ በሽማግሌ ላይ ሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ደም ማነስ፣ የእጅ እግር መደንዘዝ ሆኖ ይመጣል። ሁሉም "ያው እርጅናው ነው" ተብሎ የሚታለፍ ነገር ስለሆነ ሳይታወቅ ይቆያል።

"ቅጠል ነው፣ አይጎዳም" የሚለውንም እንተወው። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማለት አልነበረበትም። ሰርፓጋንዳ የሚባለው የህንዶች ሥር የደም ግፊትን እንደሚያወርድ ሩስቶም ቫኪል የተባሉ የቦምቤ ሐኪም በ1949 በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት ጻፉ። በ1952 በስዊዘርላንድ ሬዘርፒን የተባለው ንጥረ ነገር ከውስጡ ወጣ፤ በዓለም ዙሪያ ታዘዘ። ግፊቱን በእርግጥ አወረደ። አንዳንዱን ታማሚ ደግሞ ወደ ከባድ ድብርት ከተተ። ዛሬ በየቦታው የሚሸጠው አሽዋጋንዳም እንቅልፍ የሚያመጣለት ሰው አለ፤ በጉበትና በታይሮይድ ላይ ያደረሰው ጉዳትም ተመዝግቧል፤ ዴንማርክ በ2023 ከልክላዋለች። በብዙ ቅይጥ ውስጥ የሚገባው ጣፋጭ ሥር፣ ሊኮሪስ የሚሉት፣ ግፊትን ከፍ አድርጎ ፖታስየምን ያወርዳል። እርድ በወጥ ልክ ሲሆን ምንም አይደለም፤ በእንክብል ተጠናክሮ ደም ማቅጠኛ ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኝ ግን ያደማል የሚል ሥጋት አለ።

ህንድ ራሷ አዩርቬዳንና መሰሎቹን ከ2014 ጀምሮ በተለየ ሚኒስቴር ታስተዳድራለች። ሐኪሞቹም አምስት ዓመት ተኩል ተምረው የሚመረቁ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 በጉጃራት፣ በጃምናጋር፣ የባህል ሕክምና ማዕከል ሲያቋቁም ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም በቦታው ነበሩ፤ የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲም በዚያው ጉብኝት "ቱልሲባይ" የሚል ስም አወጡላቸው። ቱልሲ የበሶብላችን ዘመድ ነው። ይህን ሁሉ የምለው የተማረ የአዩርቬዳ ሐኪምና ኢንተርኔት ላይ ዱቄት የሚቸረችር ሰው አንድ እንዳይመስሏችሁ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን እጨምራለሁ።

አንድ አባት ስለ ንጥር ቅቤ ጠየቁ፤ "እነሱ ጠጡ ይላሉ፣ ሐኪሜ ኮሌስትሮል አለብህ ይላል።" አባቴ፣ ያንን የጻፉት ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ነው። በወጥ ውስጥ በምትገባ ማንኪያ ሐኪምዎ አይጣላዎትም። በጽዋ መጠጣቱ ይቅር።

አንዲት እናት ልጃቸው ኬረላ ልኮ ፓንቻካርማ ሊያስደርግላቸው እንዳሰበ ነገሩኝ። እማማ፣ ፓንቻካርማ ውስጥ ማስታወክ፣ ማስቀመጥና በፊንጢጣ መድኃኒት ማስገባት አለ። የግፊት ሽንት ማሸኛ ለሚወስድ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ውኃና ጨው ከሰውነት መጥፋቱ አደጋ ነው። ልጅዎ ይላክዎት፣ ይታሹ፣ ይረፉ፣ ገንፎውን ይብሉ፤ ማጽዳት የሚሉትን ግን የልብና የኩላሊት ውጤትዎን ያየ ሐኪም ሳይፈቅድ እንዳይጀምሩ።

መጨረሻ ላይ ከኋላ ወንበር "ዓመት ሙሉ የወሰድሁትንስ ምን ላድርግ?" የሚል ድምፅ መጣ። የግፊትና የስኳር መድኃኒትዎን በእሱ ፈንታ አቁመው ከሆነ ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ይሂዱ። ብልቃጡን እንዳይጥሉት፤ ይዘውት ይሂዱ፣ ጽሑፉ በህንድኛ ቢሆንም። በላዩ "ባስማ" ወይም "ራስ" የሚል፣ ማለትም ያ የብረት አመድ እንዳለበት የሚጠቁም የህንዶች ቃል ካለበት፣ ወይም የተሠራበት ነገር ጨርሶ ካልተጻፈበት፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አይውሰዱት። ሆድዎ የሚቆርጥዎ፣ ጣትዎ የሚደነዝዝዎ ከሆነ በደም ውስጥ ያለ እርሳስ የሚለካበት ምርመራ እንዳለ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ካልነገሩት ላያስበው ይችላል። የጉበትና የኩላሊት ምርመራም አብሮ ይታዘዝልዎ።